ወይዘሪት «ዝም ብዬ ነው»

ጉረኛ ያናድዳል የሚሉ ሰዎች ትሑት ጎበዝ ገጥሟቸው አያውቅም። ጉረኛማ ምስኪን ነው፤ አንድ ሠርቶ ዐሥር ያወራል፣ እኛም ዘጠኙን ቀንሰን በሰላም እንተኛለን። እንቅልፍ የሚነሳው ሌላኛው ነው። ከፈተና «ወይኔ ወደቅሁ!» እያለ ዓይኑን አብሶ ይወጣና ውጤት ሲለጠፍ አንደኛ የሚሆነው። እንዲህ ያለ ሰው በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ሀርጌሳ ውስጥ፣ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር፣ የዚህ ወገን ንግሥት ክብርት ወይዘሪት ጸደንያ ነበረች። በእሷ የተነሳ ሲቃጠል የሚኖረው ደግሞ ጎረቤቷ ሊዮን ነው።

ሊዮን ከኢትዮጵያ የመጣው የፎርማኑ የክፍሌ ልጅ ነው። ሀርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ተነስታ በየጥጉ ፎቅ የምታቆምበት ዘመን ነበርና አባቱ ከሲሚንቶና ከብረት ጋር ሲውል ልጁ ኮምፒውተር ላይ ሰው ሲያቆም ይውላል። ሕልሙ የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርያትን መቅረጽ ነው። ተጫዋቹ የሚያዘውን ተዋጊ፣ ሯጭ ወይም ሽማግሌ ከግንባሩ እስከ ጫማው ክር ድረስ ስክሪን ላይ እንደ ጭቃ እየጠፈጠፉ መሥራት ማለት ነው። ለዚህ ሲል ያላጠናው የሰው አካል የለም። ጆሮ ብቻውን አንድ ክረምት ፈጅቶበታል። ዋሄን ገበያ ገብቶ የተሸካሚዎቹን ክንድ አፍጥጦ ሲያይ አንዱ ጆንያውን አውርዶ «ምን ጠፋብህ?» ብሎ አፋጦታል። እናቱን የሺሃረግን ደግሞ ሽንኩርቷን እንኳ በሰላም አያስከትፋትም።

«እማዬ፣ እስቲ ክንድሽን እጠፊው። አሁን ደግሞ ዘርጊው።»

«ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ መታየት ያለብህ አንተ ነህ» ትለዋለች።

ጸደንያም ያንኑ ሙያ ነበር የያዘችው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ዋሄን አጠገብ ባለው የዳሂር ሱቅ ነበር። ዳሂር ኮምፒውተር ይጠግናል። ልጅነቱን ጅግጅጋ በስደት ስላሳለፈ አማርኛውን እንደ ውሃ ነው የሚያንቆረቁረው። ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሁለት ጉልበት ያላቸው ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አስቀምጧል። እንግዲህ የሊዮን መከራ በዚህች ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ ይውላል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ሊዮን የእጅ ቅርጽ ይዞ ወር ሙሉ ተንገላታ። አንጓውን ሲያስተካክል አውራ ጣቱ ያብጣል፣ አውራ ጣቱን ሲያከሳ መዳፉ የታጨቀ ካልሲ ይመስላል። ክብርት ወይዘሪት ጸደንያ አንገቷን አስግጋ አየችና «እንዴ ሊዮን! እንዴት ያምራል! እኔ መቼም እንዲህ አልችልም» አለች። ከዚያ ወደ ራሷ ኮምፒውተር ዞረች። ዳሂር የዓስርን ሶላት ሰግዶ ሲመለስ ስክሪኗ ላይ ያለው እጅ የሻይ ብርጭቆ ሊያነሳ የተዘረጋ ይመስል ነበር።

«ማሻአላህ!» አለ ዳሂር። «ይሄ እኮ ሊጨብጠኝ ነው።»

«ኧረ ምንም አይደለም፤ ዝም ብዬ ነው የነካካሁት» አለች፤ ቀጥላም «የሊዮን ይሻላል።»

ይሄን የመጨረሻውን ቃል ልብ በሉልኝ። «የሊዮን ይሻላል»ን የመሰለ ስድብ በየትኛውም ቋንቋ አልተፈጠረም። ሰው ሲሰድብህ ትመልሳለህ፤ «ያንተ ይሻላል» ሲልህ ግን ምን ትለዋለህ? ሊዮን «አይ፣ ያንቺ» ብሎ ጥርሱን አሳየና ሆዱ እርር አለ።

የሽማግሌ ጺም የሠራች ጊዜ ደግሞ ባሰ። እያንዳንዱ ፀጉር በየራሱ መንገድ የሄደ፣ አገጩ ሥር ትንሽ የሳሳ፣ እውነተኛ ጺም! «እንዴት አድርገሽ ነው?» ሲላት ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ኧረ ተወኝ፣ እየሠራሁ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ ስነቃ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።» ሊዮንም ስንት ጊዜ ኪቦርዱ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ሲነቃ ያገኘው ግን የገዛ ለሃጩን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ሰውየው ጤና አጣ። ስታስነጥስ እንኳ ከእሱ አሳምራ የምታስነጥስ ይመስለው ጀመር። አስተማሪ ቪዲዮ አውርዳ እንደሆን፣ የሚረዳት ዘመድ ውጭ አገር እንዳላት ሰለለ። ምንም አላገኘም። በግልጽ እንናገረው ካልን ቀንቷል፤ ምግብ እስኪያስጠላው ድረስ ቀንቷል።

በዚህ መሀል ናይሮቢ ያለ አንድ የጌም ስቱዲዮ ማስታወቂያ አወጣ። ከየከተማው አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ለሥልጠና ይወስዳል። ፈተናው አጭር ነው፤ «ከአካባቢያችሁ ደስታ ላይ ያለ ሰው ቅረጹ።» መላኪያው እስከ ቅዳሜ ማታ። አባቱ ክፍሌም የበኩሉን ማስታወቂያ አወጣ፤ «ይሄ ከተሳካልህ እሰየው፣ እኔው ራሴ ሻንጣህን ተሸክሜ እሸኝሃለሁ። ካልተሳካ ግን ሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር ሳይት ነህ። ቀልዱ ይብቃ።»

ሊዮን የቀረጸው፣ የኮንክሪቱ ሶሌታ ተሞልቶ ባለቀ ዕለት ፎቁ አናት ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመ የቀን ሠራተኛ ነበር። ጡንቻው፣ ደም ሥሩ፣ የጉልበቱ ሎሚ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ጆሮውማ አይወራም። ዳሂር ስክሪኑን ከግራም ከቀኝም አየው።

«አካሉ ማሻአላህ ነው» አለ። «ደስታው ግን የት አለ? ወላሂ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጸደንያ የሥራዋን ፎቶ ለሊዮን በስልክ ላከችለት። «ዝም ብዬ ነው፤ አልልከውም ይሆናል» የሚል ጽሑፍ አለበት። ፎቶው ላይ ሠርግ ቤት እልል የምትል ኮረዳ ናት። ዓይኗ በሳቅ ተጨፍኗል፣ አንገቷ ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል፣ የሐበሻ ቀሚሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች። እልልታዋ ከስልኩ ውስጥ የሚሰማ ይመስላል። ሊዮን ሳይት የሚለብሰው ቢጫ የደህንነት ቆብ ከወዲሁ ታየው።

ምሳ ላይ ሆዱ አልችል ብሎት ስልኩን ለእናቱ ዘረጋላት። የማን ሥራ እንደሆነ አልነገራትም።

«ውይ በሞትኩት!» አለች የሺሃረግ ጉርሻዋን እንደያዘች። «ማን ሞቶባት ነው?»

«እማዬ፣ እየሳቀች እኮ ነው!»

«ታዲያ ነጠላውን ለምን አዘቀዘቀችው? ጥለቱ አንገቷ ላይ ወጥቶ! ይሄ እኮ የለቅሶ አለባበስ ነው። ለቅሶ ለብሳ እልል የምትል፣ ምን ዓይነት ጉድ ናት?»

ሊዮን ስልኩን ተቀብሎ አጎላው። እውነት ነው። ኮምፒውተር ላይ የተቀረጸ ልብስ ቀለሙንና ጥለቱን የሚያገኘው ከላዩ ከሚለጠፍበት ሥዕል ነው፤ ያ ሥዕል ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲዛወር ተገልብጦበታል። ታች መውረድ የነበረበት ጥለት አናት ላይ ወጥቷል። ጸደንያም እንደ እሱ ሀርጌሳ ያደገች ልጅ ናት። ነጠላ የምታየው እናቷ ለበዓል ከሻንጣ ስታወጣው ነው፤ የቱ የደስታ የቱ የሐዘን እንደሆነ ማን አስተምሯት? ስቱዲዮው ውስጥ ግን አንድ ሐበሻ ቢኖር ነገሩ አለቀ።

ሊዮን ሳቀ። ቤቱ እስኪያስተጋባ ሳቀ። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ጣፈጠው፣ ሁለተኛ ወጥ አስጨመረ። ናይሮቢን በዓይነ ኅሊናው አየ፣ ሻንጣውን የተሸከመ አባቱን አየ፣ ጸደንያን ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆማ እጇን ስታወዛውዝለት አየ። መናገር የለበትም፤ እሱ ምን አገባው? ራሷ ዝም ብላ የነካካችው አይደል? ዝም ብላ ትውደቅ!

ግን ቅናተኛ ሰው ኩራት አለው። እጁን ታጥቦ ሲጨርስ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት። ቢያልፍ ያለፈው እሱ ሳይሆን ነጠላው ነው። ናይሮቢ ሄዶ፣ ባለሙያ ሆኖ፣ አርጅቶ ጡረታ ቢወጣ እንኳ ያሸነፋት በተገለበጠ ጨርቅ መሆኑን ያውቃል። ይህን ሁሉ ዘመን የተቃጠለው ለጨርቅ ነው እንዴ? ሊያሸንፋት የሚፈልገው በእጁ ነው። ስለዚህ በደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ከቅናቱ ብዛት ተነሳና ወደ ዋሄን ገሰገሰ።

ጸደንያ ብቻዋን ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነገራት። ወይዘሪት «ዝም ብዬ ነው» ትስቃለች፣ «ኧረ ምንም አይደለም» ትላለች ብሎ ሲጠብቅ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እጅጌዋ ሲሰበሰብ አንጓዋ ላይ የተጠመጠመ ፋሻ ታየ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ሊዮን ደንግጦ።

«ማውሱ ነው። አንጓዬ ካበጠ ቆየ። ፊቷን አምስት ጊዜ አፍርሼ ነው የሠራሁት፣ ሊዮን! ከክረምት ጀምሮ በደንብ ተኝቼ አላውቅም። የጺሙ ጊዜም አልተኛሁም፣ እጁንም ቤት ስለማመደው ከርሜ ነው እዚህ የሠራሁት።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ዝም ብዬ ነው የምትዪው?»

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ደክሜበት ባይወደድልኝስ? ዝም ብዬ ነው ካልኩ ቢያምርም ባያምርም ማንም አያዝንልኝም። አንተ ስትለፋ ሁሉም ያያል፣ ቢበላሽብህም አታፍርም። እኔ እንደሱ አልችልም።»

ሊዮን ፋሻውን ደግሞ አየው። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀናበት የኖረው ያ ያለ ድካም የሚመጣ ተሰጥኦ ጭራሽ አልነበረም። ከእሱ የባሰች ለፊ ናት! ተናደደ፣ አዘነላት፣ ደስም አለው፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበና «ተነሺ፣ እጅሽን አሳርፊ። የት ጋ ነው የሚገለበጠው?» አላት። እሷ እየነገረችው እሱ ማውሱን ይዞ ጥለቱን ወደ ታች አወረደው፣ ወደ ኮረዳዋ ትከሻ የገባውን እጥፋትም አስተካከለ። ዳሂር ሱቁን ሊዘጋ ሲል ሁለቱም ሥራቸውን ላኩ።

«ለሰው እንዳትናገር» አለችው በሩ ላይ። «ስለ ነጠላው አይደለም። ስለ መልፋቴ።»

መቼም የሚሆነው አይቀርም፤ ጸደንያ አለፈች። የስቱዲዮውን መልስ ዳሂር ደንበኞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ጮክ ብሎ አነበበው። ሳቋ ተመስግኗል፤ «በተለይ ደግሞ የነጠላው አጣጣልና የጥለቱ አወራረድ» ይላል። ሊዮን ሳል ያዘው።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ዳሂር። «ነጠላውን እንዴት አድርገሽ ነው እንደዚህ ያሳመርሽው?»

«ኧረ እሱን እንኳን ዝም ብዬ ነው የነካካሁት» አለች ክብርት ወይዘሪት ጸደንያ፣ ሊዮንን በቀጥታ እያየች።

በዚያች ቅጽበት ሊዮን አፉን ቢከፍት ኖሮ ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ወርዳ ነበር። አልከፈተም። ሀርጌሳ ውስጥ የዚህችን ልጅ ልፋት የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ይህም ሌላ ሰው የሌለው ሀብት ሆኖ ተሰማው። «እሷ ምን ይሳናታል» ብሎ አጨበጨበ።

አየር ማረፊያ ድረስ ሻንጣዋን የተሸከመው እሱ ነው። እናቷ ስታለቅስ ጸደንያ «ምን ያስለቅሳል? ዝም ብዬ ደርሼ ልመጣ እኮ ነው» አለቻት። ወደ ሊዮን ጠጋ ብላ ደግሞ በሹክሹክታ «ፈርቼ ሲያስመልሰኝ ነው ያደረው። ለእማዬ እንዳትነግራት» አለችውና ገባች።

ሰኞ ሊዮን ቆቡን አድርጎ ከአባቱ ጋር ሳይት ወጣ። ከሥራ መልስ ዳሂር ዘንድ ጎራ ይላል፣ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ ባዶውን ወንበር አየት አድርጎ ይዘጋዋል። እጁ አልታዘዝ አለው። ጥሩ ጆሮ ቢሠራ «ያንተ ይሻላል» ብሎ የሚያሳርረው ሰው የለም። ያለ ቅናት መኖር እንዲህ ቀዝቃዛ መሆኑን ማን ነግሮት?

በአንድ ዓርብ፣ ዕረፍቱን ቤት ተጋድሞ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ። ከናይሮቢ የተላከ ፎቶ ነው። ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ከት ብሎ ሲስቅ፤ የዓይኑ ዳር ሽብሽብታ፣ የድዱ ወዝ፣ እንጥሉ ሳይቀር! ከሥሩ «ዝም ብዬ ነው የነካካሁት። ያንተ ይሻላል» ይላል።

ሊዮን አጎላው። ስህተት ፈለገ፣ አጣ። ጆሮውን አየ፤ ጆሮው የእሱው የሊዮን ጆሮ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ የለፋበት፣ አጠገቡ ተቀምጣ አንድም ሳታስቀር የቀዳችው። ሆዱ እርር፣ ድብን አለ። ያ የድሮው እሳት ከእግር ጥፍሩ ተነስቶ ጉሮሮው ላይ ደረሰ።

«ተመስገን!» አለና ከአልጋው ዘሎ ወረደ። ወረቀትና እርሳሱን ይዞ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠ።

«እማዬ፣ እስቲ ሳቂ።»

የሺሃረግ ቢላዋዋን አስቀምጣ ዞረች። «አሁን ደግሞ ምን አይተህ ነው? ምን አስቆኝ እስቃለሁ?»

«ዝም ብለሽ» አለ ሊዮን። ይህን ያለበትን ፊት አይታ ሳቋ አመለጣት።