አባቴ የጨረሱልኝ ሥዕል

ቧንቧ ሠራተኛን «የፈጠራ ምንጭህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ሠዓሊን ግን፣ በተለይ እንደ እኔ ሰው ይሁን ዛፍ የማይታወቅ ነገር የሚሥል ከሆነ፣ ሳይጠይቀው የሚያልፍ የለም። የምኖርባት የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ሰው የሚጠይቀው የወይን ብርጭቆ ይዞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ባጭሩ «ምንድን ነው?» ይላል። ለሁለቱም «ተፈጥሮና ትዝታ» እላለሁ። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ። ምንጬ ቱታ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲቀቡ የለበሱት ሰማያዊ ቱታ። የአንዱ ሳሎን አረንጓዴ፣ የሌላው መኝታ ቤት ሮዝ፣ የቀበሌው አጥር ቢጫ ተንጠባጥቦበት፣ ደርቆ፣ እንደገና ተንጠባጥቦበታል። ልጅ ሆኜ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ሳየው፣ አባቴ ከቀቧቸው ግድግዳዎች ሁሉ ይልቅ እሱን እወደው ነበር። እሳቸው ግን ያፍሩበታል፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይደብቁታል። ለቀለም ቀቢ ነጠብጣብ ነውር ነዋ!

እኔ እንግዲህ ሸራ ላይ የማሳድደው ያንኑ ነውር ነው። ሴንት አልባንስ በሚባል ሰፈር በተከራየሁት ቤት ጋራዥ ውስጥ ሸራውን ወለል ላይ ዘርግቼ፣ ለእንጀራ ሥራዬ ሺፍት እስክወጣ ድረስ አንጠባጥባለሁ፣ እፍቃለሁ፣ በጨርቅ እጠርጋለሁ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ እዞረዋለሁ። ላየኝ ሰው ከመሣሉ መዞሩ ይበልጣል።

አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ የመጡት ፊትዝሮይ ሰፈር አንድ ጋለሪ ውስጥ አሥር ሥዕሎች ላሳይ ስዘጋጅ ነው። ከእሳቸው የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሥራዬን አይተው «ጎሽ» እንዲሉኝ። ልጅ ሆኜ ስሥል «እንጀራ አይሆንህም» አሉ። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስመረቅም «ጎሽ» አላሉኝም። አሁን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጋራዡን ዞሩና፣

«መቼ ነው የምታስረክበው?» አሉኝ።

«ቅዳሜ፣ አባባ።»

«የሚቀጥለው ሳምንት አይደለም? ይቺ ቅዳሜ?» አሉ። ክፉኛ አዘኑልኝ።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ጋራዡ ተጠርጓል። ሦስት ወር የለፋሁበት ትልቁ ሸራ፣ ያንን ቱታ እያሰብኩ የሠራሁት፣ ከወለሉ ተነስቶ ግድግዳውን ተደግፏል። ክሬም ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር። የቤቱ አከራይ ኤጀንት ቤቱን ሊፈትሽ ሲመጣ የተላጠ ግድግዳ እንዳያይብኝ ያስቀመጥኩት ቀለም ነው። አባቴ ሥዕሌን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ ሁለት እጅ ቀብተው፣ ሮለሩን አጥበው ሰቅለዋል።

በጣም ተናደድኩ። አፌን ልከፍት ስል አየኋቸው፤ ጉልበታቸውን እያሹ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሸሚዛቸው ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሺፍትህም ሥራህም ተደራርቦብህ ሰው ፊት እንዳታፍር፣ አንዱን እንኳ ልጨርስልህ ብዬ ነው» አሉ። «የጀመርከው አንተ ነህ። አሁን ሥራ መሰለ። እጅህ ይባረክ!»

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል መጣ። የመጣው ግን እኔ ላልሠራሁት ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «ያ ሸራ የእርስዎ ቱታ ነበር» ልበላቸው? ዝም አይነቅዝም አልኩና «አሜን» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ቅዳሜ ክሬሙን ከዘጠኙ ጋር ሰቀልኩት። አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከአጠገቡ ሳይለዩ ዋሉ። ሰው በቀረበ ቁጥር የሸራውን ጠርዝ በጣታቸው እየዳሰሱ በአማርኛ ያስረዳሉ፤ ሰዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው በስልካቸው ፎቶ ያነሷቸዋል። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ልንወጣ ስንል ክንዴን ያዝ አደረጉና ቀሪዎቹን ዘጠኝ ሥዕሎች አንድ በአንድ በዓይናቸው ቃኙ።

«እነዚህንስ» አሉኝ ዝግ ብለው፣ «መቼ ነው የምንጨርሳቸው?»