ኤሲ በሱሉልታ

ሱሉልታ እየኖርክ የመኪና ኤሲ ላሠራ ነው ካልክ ሰው ግንባርህን ይዳስሳል። ትኩሳት እንዳለህ ለማየት ነው። አይፈረድበትም። እዚህ ጠዋት ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ ያደረ ውርጭ በመታወቂያችን ነው የምንፍቀው። ታክሲ ውስጥስ? አንዱ መስኮት ሊከፍት እጁን ገና ሲሰድ አሥር ሰው "ኧረ ነፋሱ!" ይላል። የእኛ ሰው ሌባ ገባ ቢሉት ዝም ብሎ ይነሳል፤ የሚጮኸው ነፋስ ገባ ሲሉት ነው።

እኔ ግን ማሠራት ነበረብኝ። ልጄ ሄለን ልታገባ ነው። የእጮኛዋ እናት ወይዘሮ ፋንታዬ ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ ከቦሌ የማመጣቸው እኔ ነኝ። ሄለን ከሳምንት በፊት አጠገቤ ተቀመጠችና "አባዬ፣ እሳቸው ቤት ኤሲ አለ። እኔ የሄድኩ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ነው ያየሁት። አደራ፣ መኪናህን አሠራው፣ አታሳፍረኝ" አለችኝ። ይህች ልጅ ለምናኝ አታውቅም። እንደማልሰጥ ታውቃለቻ። እሺ አልኳት።

ኤሲ ሲከፈት ሞተሩ ጋ ያለው ኮምፕሬሰር "ጣ!" ብሎ ይይዛል። የእኔው አይይዝም። እንደ ባለቤቱ ዝም ነው።

ሰበታ ወሰድኩት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሳይጨርስ "ጋሼ፣ ጋዝ ነው" አለ። ሞላ። አልያዘም። "እንግዲህ የኤሌክትሪክ ነው" ብሎ ሸኘኝ።

ቡራዩ ሄድኩ። ኤሌክትሪሺያኑ ዳሽቦርዱ ሥር ተኝቶ ግማሽ ቀን ዋለ። ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው የማውቀው በእግሩ ነው። ሲወጣ ማብሪያው ደክሟልና ዳይሬክት አድርጌዋለሁ አለኝ፤ ከእንግዲህ ሞተሩ ሲነሳ ማራገቢያውም ኮምፕሬሰሩም በራሳቸው ይነሳሉ፤ ምንም መንካት የለብህም። አስነሳሁ። ማራገቢያው ተነስቶ የዓመታት አቧራ ፊቴ ላይ ነፋ። ኮምፕሬሰሩ ዝም። "እንግዲህ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር" አለኝ።

በመጨረሻ እዚሁ ሱሉልታ፣ ሰፈሬ ወዳሉት ኦቦ ቶሎሳ ሄድኩ። እሳቸው የሚጠግኑት ትራክተር ነው። "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ" አልኩና ጉዳዬን ነገርኳቸው። "ኤሲ? አሞሃል?" አሉኝ። ግን ጎንበስ አሉ። ሌሎቹ ያላደረጉት ይህንኑ ነው። ከሞተሩ ሥር እጃቸውን ሰደው አንድ ሽቦ ጎተቱ። የኮምፕሬሰሩ መሰኪያ ተነቅሎ፣ በጎማ ቁራጭ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወሽቆ ታስሯል።

"ይኼን ያደረገ ሰው ቋጠሮ ያውቃል" አሉ። "ግን ምቀኛ ነው። የሰው መኪና ምን አግብቶት?"

ዝም አይነቅዝም።

ቋጠሮው የእኔ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ የሰበታ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበርኩ፤ ጣሪያ ላይ ዕቃ የማስረው እንደዚያ ነበር። ቤቴም እዚያው ጣሪያ ላይ ነበር፤ ስለሱ ብዙ አላወራም። አንድ ጊዜ ያሰርኩት ጆንያ ወድቆ ሾፌሩ ሦስት ቀን እራት ከለከለኝ። ከዚያ ወዲህ ያሰርኩት አይፈታም። ይህን መኪና የገዛሁ ዕለትም መጀመሪያ ያደረግኩት መሰኪያውን ነቅሎ ማሰር ነው። ኤሲ ነዳጅ ይበላል ሲል እሰማው ነበር፣ ያ ሾፌር። ከዚያ ረሳሁት። ችግር ሲሄድ ቋጠሮውን ትቶ ነው የሚሄደው።

ኦቦ ቶሎሳ ሰኩት። ጣ! አለ። ያዘ።

ቅዳሜ ሱፌን ለብሼ ቦሌ ቆምኩ። ድሬዎች አንቱታ አያውቁም። ወይዘሮ ፋንታዬ ገና ሲያዩኝ "አንተ ነህ አባትየው? አቦ ምነው ተኮሳተርክ፣ የምንወስደው ልጅህን እንጂ አንተን አይደል!" አሉኝ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ኤሲውም ተነሳ። ኮራሁ። አዲሱ ገበያ ስንደርስ ሻርፓቸውን ተከናነቡ። እንጦጦን ስንወጣ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ጀመር። "አቦ ይሄን ነገር አጥፋው!" ማጥፊያውን ተጫንኩ። ለካ ዳይሬክት ነው። ደጋግሜ ተጫንኩ። መስኮት ልክፈት ብል "ነፋሱ! ልትገድለኝ ነው?" አሉ። ልጄ አደራ ያለችኝ ሴት እጄ ላይ በረዶ ሊሆኑ ነው።

ዳር ይዤ ቆምኩ። የማራገቢያውን ፊውዝ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። በሱፌ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብዬ መሰኪያውን ነቀልኩ። የጎማዋን ቁራጭ አልጣልኳትም ነበር፤ እኔ መቼ ነገር እጥላለሁ? ሁለት ዙር፣ ጫፏን ወደ ውስጥ። ቀና ስል አጠገቤ ቆመው ቋጠሮውን ያያሉ። አለቀ፣ ልጄን አሳፈርኳት አልኩ በልቤ።

"አንተም ነቃይ ነህ?" አሉኝ።

ኮፈኑን ዘጋሁ።

"የእኔ ባል የቤታችንን ኤሲ ከገዛው ጀምሮ ነቅሎ አስሮታል። መብራት ይበላል ይላል። የሚሰካው እንግዳ ሲመጣ ነው። ልጁም ቁርጥ አባቱን ነው፤ ለሄለን እንዳትነግራት።"

አልነግራትም አልኩ። ዝም ማለቱን እንደሆነ እችልበታለሁ።

ሄለን በር ላይ ጠበቀችን። እያገላበጠች ከሳመቻቸው በኋላ፣ እኔን በጎን እያየች፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ሙቀቱስ አላስቸገረዎትም አለች።

"ኧረ አቦ!" አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ። "ልክ እንደ ቤቴ!"

አልዋሹም።