የኋላው በር ደህና ነው

«ያን የሚያገሳ ማሽን ከላይዋ አንሳልኝ! ልትልጣት ነው እንዴ?»

ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ላቫጆው መሀል ቆመው ደግፌ ላይ የሚጮሁት። ደግፌ መኪና ፖሊሽ የሚያደርግልን፣ ቀለሙን በማሽን የሚወለውልልን ልጅ ነው። መኪናዋ ደግሞ የእኔ ናት። የእሳቸው የነበረችው ድሮ ነው፤ እሳቸው ናቸው የሸጡልኝ። ግን እኛ ምሥራቅ ሰፈር መኪና የሸጠ ሰው ልጁን እንደዳረ አባት ነው፤ መጠየቁን አይተውም።

ዛሬ እኔም ልሸጣት ነውና ለምስክርነት ጠራኋቸው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሰው መኪና ሲገዛ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ በመጨረሻ የሚያምነው ግን የቀድሞውን ባለቤት አፍ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ። እኔም የገዛሁት «ቀለሟ የፋብሪካ ነው፣ ማንም አልነካት» ስላሉኝ ነው።

ገዢዋ ሲስተር አልማዝ፣ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ አጠገባችን ቆማ ሰዓቷን ታያለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያልተገጨች መኪና።

ደግፌ ሁለት ማሽን አለው። አንደኛው፣ የሚያገሳው፣ በአንድ ቦታ ይሽከረከራል፤ ጭረት ይበላል፣ እጅ ከከበደበት ቀለሙንም ይበላል። ሁለተኛው እየዞረ ወዲህ ወዲያ ይርገበገባል፤ አያቃጥልም፣ አይቸኩልም። እኔ እቸኩላለሁ። ፒያሳ ቀጠሮ አለኝ፣ ስልኬ ይንጫጫል፣ እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ብሏል። የመጀመሪያው ይሁን አልኩ። ጋሽ ታደሰ ሁለተኛው አሉ። የሞተሩን ክዳን፣ ቦኔቱን፣ ለሁለት ከፍለን አወዳደርን። የእኔው ጭረቱን ቶሎ ጠረገ፤ ፀሐይ ሲመታው ግን ክብ ክብ ጭጋግ ጥሏል። የእሳቸው ዘገየ፤ ፊቴን ግን አየሁበት። ያልተላጨ ፊት።

ተሸነፍኩ።

«በእርስዎው ይሁን። በሮቹን እንቀጥል።»

«የኋላው በር ደህና ነው» አሉ ቶሎ ብለው። «እሱን ተዉት።»

ደህና አልነበረም። ጭረቱ ከሁሉም የባሰው እሱ ላይ ነው። ደግፌ ለዘብተኛውን ማሽን አሳረፈበት። ሲያነሳው የማሽኑ ነጭ ስፖንጅ ሰማያዊ ሆኗል። እንደ መኪናዋ።

ሲስተር አልማዝ ሰዓቷን ማየት ተወች። «ስፖንጁ ቦኔቱ ላይ ነጭ አልነበር እንዴ?»

ደግፌ እኔን አየ፣ መሬቱን አየ። «የፋብሪካው ቀለም ከላይ መስታወት የመሰለ ልባስ አለው፤ ስፖንጅ አያቀልምም። ይሄ... ጋራዥ የተቀባ ነው።»

የሚያገሳው ቢሆን ባልደነቀኝ። ያጋለጣቸው እሳቸው የመረጡት፣ ጨዋው ማሽን ነው! እናንተ ብትሆኑ ወዴት ትመለከታላችሁ? እኔ ስልኬን አየሁ። ዝም ብሏል።

«ጋሽ ታደሰ» አለች ሲስተር፣ በሽተኛ በምታናግርበት ድምፅ፣ «በር ብቻ ከሆነ አልጨነቅም፤ መኪናዋን ወድጃታለሁ። ምን እንደመታት እርስዎ ይንገሩኝና አሁኑኑ እገዛለሁ።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። መልሰው ደፉት። ደግፌ ማሽኑን አጠፋ። ሦስታችንም አፋቸውን እናያለን።

ጋሽ ታደሰ የኋላውን በር ከፈቱ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ሳቡት።

ተዘጋ። መልሱም አብሯቸው ገባ።