እሳት አጥፍቶ የማያውቀው ፋየርማን

ፎርም የሚባለውን ነገር ማን እንደፈጠረው አላውቅም። ባገኘው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። «ሥራ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ሁለት ጣት እንኳ የማትሞላ ባዶ ቦታ ትቶ የሚሄደው የሰው ዕድሜ እዚያ ውስጥ ይገባል ብሎ ነው? እናንተም ሞልታችሁታል፤ አትደብቁኝ። የትውልድ ቀን የሚለው ላይ ስንደርስ አብዛኞቻችን ጃንዋሪ አንድ ቀን ተወልደን አርፈነዋል። የሥራው ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም፤ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ የገባች አንዲት ቃል ከሰው ጋር ትኖራለች፣ ታድጋለች፣ አንዳንዴም ሰውየውን ትበልጠዋለች።

እኔ ለምሳሌ አዲስ አበባ ሳለሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አሜሪካ ስገባ ፎርሙን የሞላልኝ ልጅ «ሬኮርድ» የምትል ቃል ከተተበት። ወር ሳይሞላ ሥራ የምታፈላልግልኝ ደግ ሴትዮ በደስታ ደውላ የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ ቀጠሮ እንደያዘችልኝ ነገረችኝ። ባለሱቁ ስለ ጃዝ ጠየቀኝ፤ እኔ ስለ ገቢና ወጪ ደብዳቤ አስረዳሁት። በሰላም ተለያየን። ዛሬ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴነር የምጎትት የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ሙዚቃውን መኪናዬ ውስጥ አዳምጣለሁ።

ይህን ያስቀደምኩት በሌላ ሰው ላይ የሠራሁትን ከመናዘዜ በፊት በእኔም ላይ ተሠርቶብኛል ለማለት ነው።

አቦይ ሀብቶም የአስመራ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከምጽዋ ወደ አስመራ ሽቅብ በሚወጣው የእንፋሎት ባቡር ላይ ፎኪስታ ነበሩ። ቃሉን ትቶት የሄደው ጣልያን ነው። ባቡሩን የሚነዳው ማኪኒስታ ይባላል፤ ከጎኑ ቆሞ ምድጃው ውስጥ የድንጋይ ከሰል በአካፋ የሚጨምረው፣ ውሃውን የሚጠብቀው፣ ዳገቱ ላይ እንፋሎቱ እንዳይደክም የሚያደርገው ደግሞ ፎኪስታ ነው። መስመሩ ሲዘጋ አዲስ አበባ ገቡ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ኦክላንድ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ «ቀ»ን ብቻ ከጉሮሮ ትንሽ ወረድ ካለ ቦታ ነው የሚያመጧት።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፎርማቸውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ያኔ እንግሊዝኛዬ መዝገበ ቃላት ሳይደግፈው መንገድ አይሻገርም ነበር። «ሥራዎ ምን ነበር?» አልኳቸው። «ፎኪስታ። እሳት ላይ ነው ሥራዬ» አሉኝ። ገለጥኩ፣ አገላበጥኩ፣ አገኘሁ፤ በትላልቅ ፊደል «ፋየርማን» ብዬ ጻፍኩ። ፎርሙን የተቀበለችው ሴት አንብባ ስትጨርስ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። እኛም አሜሪካኖች ለሠራተኛ ያላቸው አክብሮት ግሩም ነው እየተባባልን ወጣን። በዚህ አገር ፋየርማን ማለት እሳት አደጋ ተከላካይ መሆኑን የተረዳሁት ቀይ መኪና እየጮኸ ሲያልፍ አንዱ በጣቱ ያሳየኝ ቀን ነው፤ ያን ጊዜ አቦይ ሥራ ከያዙ ወራት አልፈዋል። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? በየሕንፃው እየዞሩ የእሳት ማጥፊያ ቆርቆሮ መመርመር። እሳት ሲያነድዱ የጎለመሱት ሰው እሳት ማጥፊያ ሲነቀንቁ ኖረው ጡረታ ወጡ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ጡረታ ወጥተው ሳን ሆዜ ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ሲገቡ ግን ሳባ ነበረች። ሳባ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛም ትግርኛም ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አያቷ ፋየርማን እንደነበሩ ከእናቷ ሰምታለች፤ እናቷም ከፎርሙ። ከአልጋዋ በላይ እሷ የሣለችው የአቦይ ሥዕል ተለጥፏል፤ ቀይ መኪና አጠገብ ቆመው፣ ቀይ ቆብ አድርገው በረጅም ጎማ ውሃ ሲረጩ።

ባለፈው ዲሴምበር አንድ ሐሙስ አቦይ ደወሉልኝ።

«ስማ፣ ኮል ያደረግኩልህ ለጨዋታ አይደለም። ሳባ ሰኞ ስኩል ይዛኝ ልትሄድ ነው። ክላሱ ፊት ቆሜ ከእሳት ያወጣኋቸውን ሰዎች ታሪክ እንድናገር ቲቸሯ አፕሩቭ አድርጋለች።»

«ታዲያ እውነቱን አይነግሯትም?»

ድምፃቸው ወረደ። «አንድ ቀን ስንት ሰው አዳንክ ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ። እሷ እኮ እኔን ስታይ ዓይኗ የሚበራው በዚያ ነው። ቃሉን የጫንክብኝ አንተ ነህ፣ አንተው አውርድልኝ።»

ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው እንደነበር ነገሩኝ፤ ቄሱ ሳቁ አሉ። የሰው ጭንቀት ላይ ሲሳቅ ደስ አይለኝም፤ የሳቁት በእኔ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ።

መድኃኒቱን ያገኘሁት መኪናዬ ላይ ሆኜ ነው። ባቡር ለእኔ ወደብ አጠገብ መሻገሪያ ላይ የሚገትረኝ ጠላቴ ነው። በዚያ ሰሞን ግን ሲያልፍ ያየሁት የእንፋሎት ባቡር ነበር፤ ጥቁር፣ አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን የታሰረለት፣ ፉርጎዎቹ ላይ መብራት የተንጠለጠለባቸው። ለካስ ጡረታ የወጡ የባቡር ወዳጆች ማኅበር አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጠግኑት ከርመው ለገና ሰሞን ቤተሰብ እየጫኑ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ይመላለሱበታል፤ ያውም የጭነቱና የሕዝቡ ባቡር በሚሄድበት በዋናው ሐዲድ ላይ። አቦይ ምድጃውን፣ ከሰሉንና አካፋውን ለሳባ በእጃቸው ያሳያሉ፤ «ይኸው ሥራዬ» ይላሉ፤ አለቀ። የሳባ እናት ቅዳሜ ሥራ ስለነበራት ሁለቱን ይዤ የምሄደው እኔ ሆንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የኦክላንዱ ጣቢያ ፒጃማ በለበሱ ልጆች ተሞልቷል። የእንቅልፍ ልብስ ለብሶ መምጣት የዚህ ጉዞ ደንብ ነው አሉ፤ አንዳንድ አባቶችም ለብሰዋል፤ ዓይኔን ወደ ሌላ መለስኩ። አቦይ ሙሉ ልብስ ከነከራቫቱ ለብሰው መጥተዋል። ባቡሩን ሲያዩ እርምጃቸው ሃያ ዓመት ቀነሰ። ከዚያ ከኋላው ያለችውን የነዳጅ ጋሪ ዞረው አዩ፣ አጎንብሰው አሸተቱ፣ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ከሰሉ የታለ?»

አንዱን ሠራተኛ ጠየቅኩ። የዚህች ባቡር እሳት የሚነደው በዘይት ነው፤ ቧንቧ ትከፍታለህ፣ እሳቱ ይንቀለቀላል።

«አካፋስ?» አሉኝ። አካፋም የለም። እንዲያ ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም። «እንግዲህ ምኑን ነው የማሳያት?» ብለው ከራሳቸው ጋር ተነጋገሩ። እኔም መድኃኒት ላይ እንዳልተፈጠርኩ ገባኝ።

ተሳፈርን። የገና አባት ደወል እያቃጨለ መጣ፤ ከኋላው አንዲት አሮጊት በጎ ፈቃደኛ ትኩስ ቸኮላት ታድላለች። ለእኛ የነቢያት ጾም ነውና ወተት አለው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ትንሽ ብቻ» አለችኝ፣ ከልቧ ልታጽናናኝ ፈልጋ። አቦይ በፔርሙዝ የያዙትን ሻይ ቀዱ።

ሃይዋርድ የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን ባቡሩ ጎን ባለው ሐዲድ ላይ ገብቶ ቆመ። የጭነት ባቡር እስኪያልፍ እንጠብቃለን ተባለ፤ በዋናው መስመር ላይ እንግዶች ነን፣ ቅድሚያ የለንም። ኮንቴነሩ አንድ በአንድ ማለፍ ጀመረ፤ ማክሰኞ ለት እኔው ራሴ የጎተትኩትም ይኖርበታል። ጊዜው ይህ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ሳባዬ፣ ፋየርማን ማለት ምን ይመስልሻል?»

ከቦርሳዋ ማኅደር አወጣች፤ ለሰኞ ብላ ሥዕሉን ከግድግዳ አንሥታው ኖሯል። የአያቷን ቀይ ቆብ በጣቷ እያሳየችኝ፣ «ሂ ሴቭስ ፒፕል» አለች፣ ሰው ያድናል ማለቷ ነው። ሥዕሉን ወደ ማኅደሩ መለስኩላት። አቦይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እስከ አልቪሶ ጨው ረግረግ ድረስ የውሃ ወፎች ሲያዩ ሄዱ።

ሳን ሆዜ ስንደርስ ልጆች ተሰልፈው የባቡሩን ነጂ ክፍል እንዲጎበኙ ተፈቀደ። ተሰለፍን። አቦይ «እኔ እዚህ ልጠብቃችሁ» ብለው ነበር፤ ሳባ እጃቸውን አለቀቀችም። ወደ ነጂው ክፍል ስንወጣ ምድጃው አጠገብ የተቀበለችን ሴት ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጉንጯ በጥቀርሻ የተለቀለቀ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ናት። ደረቷ ላይ የነሐስ ምልክት አለ። ሳባ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ፋየርማን!»

ቆይታ ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ሴት መሆኗ ብዙም አላስጨነቃትም፤ የጠየቀቻት፣ «ዌር ኢዝ ዩር ሆዝ?» ብላ ነው፤ የውሃ ጎማሽስ የታለ?

ሴትዮዋ ሳቀች። ባቡር ላይ ፋየርማን እሳት አያጠፋም፣ ያነድዳል እንጂ፤ ከጥንትም የቃሉ ትርጉም ይኸው ነው አለቻት። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሠላሳ ዓመት ያፈርኩባት ቃል በነሐስ ተቀርጻ እፊቴ ቆማለች። ልክ ነበርኩ! ለአንድ አፍታ አቦይን ረስቼ በራሴ ብቻ ደስ አለኝ።

እሳቸው በዚህ መሐል ወደ ውስጥ ገብተዋል። ጎብኚው ሁሉ አጎንብሶ እሳቱን ነው የሚያየው። አቦይ እሳቱን ዞር ብለውም አላዩት፤ በቀጥታ ወደ ውሃ መለኪያው ብርጭቆ ሄደው በኮታቸው እጅጌ ወልውለው «ከግማሽ በላይ። ደግ» አሉ፣ ትግርኛና አማርኛ በተቀላቀለበት ማጉረምረም። ሴትዮዋ ሳቋን አቆመች። የጠየቀቻቸውን ተረጎምኩላቸው።

«የት ነው ያባረሩዎት ትላለች።»

«እኔን? ማንም አላባረረኝ! መስመሩ ነው የተዘጋው!» ተቆጡ። ለካስ የጠየቀቻቸው የትኛው ባቡር ላይ እሳት ያነድዱ እንደነበር ነው። ይህ እሳት ማንደድም ከሥራ ማባረርም የሚሆን ፋየር የሚባል ቃል ከእኔ ጋር ምን ቂም እንዳለው አላውቅም።

ሳባ ግን ገብቷት ነበር። ምልክቱን አየች፣ አያቷን አየች፣ ሥዕሏ ያለበትን ቦርሳ ጭብጥ አድርጋ ያዘች። በቀስታ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸው «ምን አለች?» አሉኝ፣ ተረጎምኩ፤ እስካሁን ስንት ቤት ሲቃጠል አጥፍተህ ታውቃለህ?

አቦይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አንድም። ዋሽቼሻለሁ የኔ ልጅ። እኔ እሳት አንዳጅ ነኝ።»

ሳባ ፊቷን አዞረችባቸው። ሴትዮዋ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከፎርሙ ጀምሬ አስረዳኋት፤ ይህኛውን በትክክል የተረጎምኩት ይመስለኛል። ሰምታ ስትጨርስ፣ ፋየርማን ውሃውን ከረሳ ምን እንደሚሆን ጠይቃቸው አለችኝ።

«ይፈነዳል» አሉ አቦይ። «ማንም አይተርፍም።»

«ረስተው ያውቃሉ?»

«አንዲት ቀን እንኳ አልረሳሁም።»

ሳባ ዓይኗን በፒጃማዋ እጅጌ ጠርጋ፣ ባቡሩ ላይ ስንት ሰው ይሳፈር እንደነበር ጠየቀች፤ ይህቺን ግን ተሰባብራም ቢሆን በአማርኛ ነበር። «ሞልቶ ነዋ» አሉ አቦይ፣ «ሰውም፣ ፍየልም፣ የምጽዋ ዓሣም።» ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ሥዕሉ ላይ ስትጭር ነበር። ምን እንደምትሠራ ለማየት ብንሞክር በክንዷ ከለለችብን።

ሰኞ ሳን ሆዜ ትምህርት ቤቱ ደረስን፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ መቼም አልማርም። ሳባ ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው። ቀዩ መኪና ሐዲድ ተሠርቶለታል። ከጎማው ይፈስ የነበረው ሰማያዊ ውሃ በጥቁር ተቀልሞ ጭስ ሆኗል። ከአቦይ ኋላ በየመስኮቱ ብዙ ትናንሽ ጭንቅላቶች አሉ፤ ሁለቱ ቀንድ አላቸው።

መምህሯ ሥዕሉን አይታ ፊቷ በራ። «እንግዲያው አያትሽ ኢንጂነር ነበሩ!» አለች። በዚህ አገር ባቡር ነጂውን ኢንጂነር ነው የሚሉት። እኛ ዘንድ ግን ማዕረግ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ከስም በፊት የሚጠራ፣ ሠርግ ላይ ከፊት የሚያስቀምጥ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ለአፍታ ተፈተንኩ። እኔ ያወረድኳቸውን ሰው መምህሯ ሳታስበው ሰቅላቸዋለች፤ ዝም ብል ምን ይጎድላል? ቢሆንም የአቦይን ዓይን አየሁና ላርም አፌን ከፈትኩ።

ሳባ ቀደመችኝ።

«ኖ» አለች። «ኢንጂነሩ መንዳት ብቻ ነው። ሂ ዋዝ ዘ ፎኪስታ።» መምህሯ ስላልገባት ሳባ ቃሉን ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችላት፤ ክላሱም አብሯት ደገመው።

በነዚያ ሁሉ ዓመታት እንግሊዝኛ በተነገረ ቁጥር አቦይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምን አለች?» ይሉኝ ነበር። ያን ለት አላሉኝም።