ማኅበር ላይ የተከፈተው ትምህርት

ስልክ ያስተምራል ብሎ የሚምል ሰው ወይ አስተምሮ አያውቅም፣ ወይ ስልኩን ሰው ፊት ከፍቶ አያውቅም። እኔ ለሁለት ሳምንት ያህል ምዬ ነበር። ጎንደር ላይ «በሞባይል የታገዘ መማር ማስተማር» የሚባል የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ ወደ ደባርቅ ስመለስ፣ አጠገቤ ለተቀመጠው መንገደኛ ስለ ትምህርት የወደፊት ዕጣ ፈንታ ሳብራራለት መጣሁ። ሰውዬው ዳባት ላይ መኪናው ለሻይ ሲቆም ወርዶ፣ ሲመለስ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዘዴው ቀላል ነው። ስልኬን ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌ የድምፅ መቅጃውን እከፍታለሁ፤ አርባ ደቂቃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ከዚያ ለተማሪዎቼ በብሉቱዝ እልካለሁ። አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው፤ ደባርቅ ቤት ተከራይተው ይማሩና ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ለማምጣት ወደየቀያቸው ይሄዳሉ። እንግዲህ ቅዳሜና እሑድንም ከእኔ ጋር ያሳልፋሉ ማለት ነው… ምስኪኖች!

ሥልጠናው ላይ «ከመላካችሁ በፊት አዳምጡት» ብለውን ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩትን ነገር ምን ብዬ ላዳምጠው? ሳላዳምጥ ላክሁት።

ሰኞ ጥሩዓለም አልመጣችም። ጥሩዓለም ከቡይት ራስ ባሻገር ካለ መንደር የመጣች የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ ለብሔራዊ ፈተና ሁለት ወር ቀርቷታል። ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ ዕለት አብራት ቤት የተከራየችው ልጅ መሬት መሬት እያየች ወደ እኔ መጣች።

«ቲቸር፣ ጥሩዓለም ትምህርት ልታቆም ነው።»

«ምነው? አመማት?»

«አይ፣ አባቷ ናቸው የከለከሏት።»

«ሊድሯት ነው?»

«አይ ቲቸር… እርስዎ ሰድበዋቸው ነው።»

ሰውዬውን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም! ልጅቷ ግን ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችኝ፤ እኔም ለእናንተ እነግራችኋለሁ፤ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቁ።

እሑድ ዕለት የማኅበሩ ተራ የጥሩዓለም አባት የአያ ምስጋናው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ቄስ አድማሴ ጸሎቱን አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቷል። ጥሩዓለም ጓዳ ሆና የእኔን ቅጂ በስልኳ ከፍታ ለፈተናዋ ታጠናለች። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ድምፁን ሰማና «ምንድን ነው?» ቢላት፣ «ትምህርት ነው» አለች። ትምህርት ከሆነማ እኛም እንስማ ተባለ፤ ስልኩ ወጥቶ መሃል ቤት ተቀመጠ፤ ሁሉም ጸጥ አለ። የእኔ ክፍል እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

እስከ ዐሥራ አምስተኛው ደቂቃ ድረስ ስለ ሳንባ በሰላም አስተማርኩ። ቄስ አድማሴ ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቁ ነበር አሉ። ከንጋት ጀምረው እንግዳ ሲያስተናግዱ የዋሉት አያ ምስጋናው ግን ጥግ ይዘው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሸለብ አድርጓቸዋል። የደባርቅን ጠዋት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ግማሹ ክፍሌም ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚማረው።

«አንተ!» ብዬ ጮህኩ ከስልኩ ውስጥ። «እዚያ ጥግ ጋቢ ተከናንበህ የምታንቀላፋው! ሰው ሲማር አንተ ታንኮራፋለህ?»

ማኅበርተኛው በሙሉ ወደ ጥግ ዞረ። አያ ምስጋናው ብንን ብለው «ማነው እሱ?» አሉ።

«ዝም በል!» አልኩ። ይህን ያልኩት መስኮቱ ሥር ለሚስቅ ሌላ ልጅ ነበር። «ነገ አባትህን ይዘህ ካልመጣህ እዚህ እንዳላይህ!»

የአያ ምስጋናው አባት ካረፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

ጥሩዓለም «ለደሳለኝ ነው አባዬ፣ ለክፍላችን ልጅ!» እያለች ስልኩን ለማጥፋት ብትሮጥ፣ አባቷ «ደሳለኝ የሚባል ማኅበርተኛ የለንም» አሉ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ። ሽማግሌ የሚያዋርድ መምህር ዘንድ ልጄን አልልክም አሉ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። የሰው ልጅ በእኔ ምላስ የተነሣ ከፈተና ልትቀር ነው! አብራት በተከራየችው ልጅ በኩል «ካስ ካሉኝ እክሳለሁ» ብዬ ላክሁ።

ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ አያ ምስጋናውና ቄስ አድማሴ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን። በዚያ ሳምንት የማጠናከሪያ ትምህርት ስለነበረ ወደየቀያቸው ያልሄዱት ተማሪዎቼ መስኮቱን ሞልተውታል።

«የድምፅ ቅጂ ነው እኮ፣ አያ ምስጋናው» አልኩ። «እርስዎን አላልኩም።»

«ቅጂ መሆኑን አላጣሁትም» አሉ ረጋ ብለው። «በማግስቱ ከቄሱ ጋር ሆነን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምተነዋል። ስድቡ የወረደው ግን በቤቴ፣ በማኅበርተኛዬ ፊት ነው።»

ቄስ አድማሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማኅበርተኛው ፊት የወረደ ማኅበርተኛው ፊት ይነሣል። መምህር ሥራ አለባቸው፣ እስከዚያ ድረስ ውጡ አንልም። በመጡበት መንገድ ይምጡ። በስልክ።»

ስልኬን አወጣሁና «ይቅርታ እጠይቃለሁ…» ብዬ ጀመርኩ። ቄሱ እጃቸውን አነሡ።

«ተቀምጠው ነው?»

«አባ፣ ስልኩ እኮ ይሰማል እንጂ አያይም።»

«እኛ እናያለን።»

ቆምኩ። ሁለተኛውን ቅጂ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፍቶ አበላሸው። ሦስተኛውን፣ የአገሩ ወግ ነውና፣ «ድንጋይ ተሸክሜ በእግርዎ ሥር ወድቄያለሁ» ብዬ አሳመርኩት። አያ ምስጋናው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና ቅር አላቸው።

«ድንጋይ የተሸከመ ሰው ድምፅ አይደለም» አሉ።

ትክክል ነበሩ። ደሳለኝ፣ ያ የሚያንቀላፋው ደሳለኝ፣ ማንም ሳያዘው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። እንዲህ ነቅቶ አይቼው አላውቅም። ትንሽ አልመረጠልኝም። ማጅራቴ ላይ አስቀምጦልኝ፣ በሁለት ቃል መሃል ሦስት ጊዜ እየተነፈስኩ አራተኛውን ቀዳሁ። ሥልጠናው ላይ ጥራት ያለው ቅጂ ያሉት ይህንን ሳይሆን አይቀርም። በብሉቱዝ አያ ምስጋናው ስልክ ላይ ገባ፤ ተሳሳምን፤ ቄሱ ባረኩን።

«ይቅር ለእግዜር ብያለሁ» አሉ አያ ምስጋናው። «ሰኞ ትመጣለች።»

እፎይ ብዬ አንገቴን ሳሻሽ፣ ሊሄዱ ተነሥተው እንደገና ቆሙ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ትምህርት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰማሁት ስድቡን ፍለጋ አልነበረም። የልጄን ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ነው። ደሳለኝን ጠሩት። መስኮቱ ሥር ያለውን ጠሩት። አርባ ደቂቃ ሙሉ ልጄን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቋትም። ትማር ብዬ የላክኋት እዚያ አለች?»

ድንጋዩ ከዚህ ይሻል ነበር።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ አስገብቼ መቅጃውን ከፈትኩ፤ ሰላም እንኳ ሳልል «ጥሩዓለም!» አልኩ። ተነሣች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። እሷም ቀጥ ብላ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ጠበቀችኝ፤ ጠበቀችኝ… ለካ ዓመቱን ሙሉ ለዚህች ልጅ የሚሆን አንድ ጥያቄ አላዘጋጀሁም።