አሥራ አንድ ማንኪያ

በፈረንጆች 2008፣ በጥር ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በስደት በምንኖርባት በዋይሊ ከተማ፣ በአስራት ቤት ሳሎን ውስጥ የነበሩት ኮራሎች በሙሉ ሞቱ። ቤቱ ለቅሶ ቤት ነበር። የአስራት እናት አገር ቤት አርፈው፣ መርዶውን የነገርነው በዋዜማው፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ለቀስተኛው «እንስሳም ያዝናል» አለ። እኔ ማንኪያውን ቆጠርኩ።

ኮራል ለማታውቁ፦ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው የባሕር ፍጡር ነው። ባሕሩ በመኪና አምስት ሰዓት በሚርቅበት አገር ባሕርን በመስታወት ገንዳ ሳሎኑ ያስገባ ሰው፣ ዋና ሥራው ዓሣ መመገብ እንዳይመስላችሁ። ሥራው ውሃ መጠበቅ ነው። ጨው፣ ካልሲየም፣ ውሃው እንዳይኮመጥጥ የሚከላከለው አልካሊኒቲ የሚሉት ነገር፣ ሁሉም በየቀኑ ይለካል። አስራት ከኤርፖርት ሥራው ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ይለካና በደብተር ይጽፋል። ሚስቱ ሰናይት «የእኔን ልደት ይረሳል፤ የካልሲየምን ግን ረስቶ አያውቅም» ትላለች።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቱ መጥተው አንድ በጋ ሙሉ ከገንዳው ፊት ተቀምጠው ነበር። ጣት የመሰሉ ክንዶቿን የምታወዛውዝ አንዲት አረንጓዴ ኮራል ነበረች። እሳቸው «ለምለሚት» አሏት፤ ጠዋት ጠዋትም «ደህና አደርሽ?» ይሏት ነበር። ያኔ አውራ ጣት ታህል ነበር። አገር ከገቡ በኋላም በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ እሷ ነው፤ አስራትም ቡጢ ማከሏን ነግሯቸዋል። ከእናቱ ጋር የሚያገናኘው ሌላ ብዙ ነገር አልነበረም።

የእኛን ወግ ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ማክሰኞ የሰማነውን እስከ ቅዳሜ ደበቅነው፤ ሥራ የሌለበት ቀን ይሻላል ተባለ። ሰናይት ከአገር ቤት ቢደወል እሱ እንዳያነሳ ስልኩን ስትጠብቅ ሰነበተች። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሩን አንኳኳን፤ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሽ ታደሰ ተናገሩ። አስራት አንገቱን ደፍቶ በዝምታ አለቀሰ። አልጮኸም፣ ደረቱንም አልደቃም። «ደንዝዞ ነው» አሉ። እኔ ቀዝቃዛ ሰው ነው ብዬ በልቤ መዘገብኩ።

ከገንዳው ትይዩ ፍራሽ ላይ አስቀመጥነው። ከአጎራባቾቹ ከተሞች፣ ከሜስኪትና ከማኪኒ ሰው ጎረፈ። ውጭ በረዶ የያዘ ንፋስ ነበርና በርና መስኮቱ ተዘጋ፤ ሃምሳ ሰው በአንድ ሳሎን ተነፈሰ። መስታወቱ ላይ የውሃውን ፒኤች የምታሳይ ትንሽ መለኪያ ነበረች፤ ቁጥሩ ሲወርድ ውሃው ኮመጠጠ ማለት ነው። ጠዋት 8.2 ያለችው እኩለ ቀን ላይ 7.8 አለች።

«ጋሼ፣ አንዴ ልነሳ፤ ፒኤቹ ድሮፕ እያደረገ ነው» አለ አስራት።

«ሐዘንተኛ አይነሳም። እኛ ምን ልንሠራ መጣን?»

«ኦኬ፣ ዊንዶው ክፈቱልኝ። ማለቴ፣ የሰው ትንፋሽ በዝቶ ነው፤ ትንሽ አየር ቢገባ...»

«በዚህ ብርድ? አንተንም እንድንቀብር ነው?»

መስኮቱ ሳይከፈት ቀረ። አስራት ሲጨንቀው፣ ከገንዳው ሥር ካለው፣ መኮምጠጥን ከሚከላከለው ነጭ ዱቄት አንድ ማንኪያ እንዲጨመርለት ለመነ። አንድ የሜስኪት ሰው ጨመረ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የመጣ ሁሉ የአስራት ዓይን ወዴት እንደሚሄድ ያያል፣ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፣ «አንድ ማንኪያ ነው የሚፈልገው» ይባላል፣ ይጨምራል። ለቀስተኛን የሚያስጨንቀው እጁን የሚያደርግበት ማጣት ነውና ማንኪያዋ ተወደደች።

«ይበቃል፣ ተዉት» አለ አስራት፣ ከሰው ግድግዳ በስተጀርባ።

«ይሉኝታ ነው፤ ጨምሩለት» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። መድኃኒቱ አሥራ አንድ ሲሆን ምን እንደሚከተል ተረቱ አይናገርም። እሑድ ውሃው እንደ ወተት ነጣ፤ ካልሲየሙ እንደ አመዳይ ከገንዳው ወለል ተኛ፤ የኮራሎቹ ሥጋ እየተላጠ ወደቀ። ለምለሚት ከሁሉም ቀድማ ነጣች። አንድ መስኮት ለግማሽ ሰዓት ቢከፈት ይበቃ ነበር። ሰባተኛው ማንኪያ የእኔ ነው።

አስራት ገንዳውን አየና «ምንም አይደል። እናንተ ደህና ሁኑልኝ» አለ። ብርድ ልብሱንም ወደ ትከሻው ሳበ። እኔ አሁንም ቀዝቃዛ ነው አልኩ።

በሚያዝያ አንድ ዕቃ ለማምጣት ማኪኒ ድረስ እንድወስደው ለመነኝ፤ መኪናውን እኔ እንድነዳ፣ እሱ በጉልበቱ ባልዲ ይዞ እንዲመለስ። የሄድነው ሚስ ካረን የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ ቤት ነው። እሷም ኮራል ታረባለች። ከገንዳዋ ጥግ፣ አውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር ክንዶቿን ታወዛውዛለች። አስራት ጎንበስ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ደህና አደርሽ?» አላት።

እሱ ባልዲውን ሊሞላ ሲወጣ፣ መቼ እንዳመጣት ሚስ ካረንን ጠየቅኳት። የቆየ የሥራ ልማድ ነው፤ ቀን እጠይቃለሁ።

«በጥር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ» አለችኝ። «ከትልቋ ቆርጦ አመጣት። ‹እናቴ ሞታለች፤ ወዳጆቼ ነገ ማለዳ መጥተው ይነግሩኛል፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን እንድነካ አይፈቅዱልኝም› አለኝ።»