ሰባት ሰዓት ላይ የተቀረጸው ፍየሌ

በካርቱን ያሳቀን ነገር ሁሉ በእውነተኛ ሰው ተሠርቶ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ያስለቅሳል! አትከራከሩኝ። ሥዕል ላይ ዓይኑ ሳህን የሚያክለው ጀግና፣ በሰው ሲሠራ እንቅልፍ ያጣ የጎረቤት ልጅ ይሆናል። ይህን እያልኩ በሰው ካርቱን ስስቅ ከረምኩ… ነገሩ እኔው ቤት እስኪመጣ!

ከዚህ ወግ ሥር በየሳምንቱ የምሥለውን የፍየል ካርቱን ታውቁት የለ? (የማታውቁ ዓይናችሁን ወደ ታች ጣል አድርጋችሁ ተመለሱ፤ እጠብቃለሁ።) ፍየሉ ጥቁር መነጽር አድርጎ እዚሁ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ይገባል፣ ሐብሐብ ይሰርቃል፣ ገበያተኛው በሙሉ እየጮኸ ያባርረዋል፣ እሱ የደቻቱን ወንዝ በአንድ ዝላይ ተሻግሮ ያመልጣል። አለቀ። ይህንን ነው አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ አዘጋጅ «በእውነተኛ ፍየል ለቴሌቪዥን ልሥራው» ያለኝ።

በደስታ ልፈነዳ! ችግሩ አባ ነው። አባ የጨርቅ ሱቅ አለው። ትምህርት ሲዘጋ እዚያ እንድውልለት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ መሣል እፈልጋለሁ። አባ ሲስቅ ያየው የለም፤ የሠርጉ ፎቶ ላይ እንኳ ለፓስፖርት የተነሣ ነው የሚመስለው።

«ቴሌቪዥኑን አይቼ ከሳቅኩ ሱቁ ቀረልሽ» አለኝ። «ካልሳቅኩ ግን እርሳሱን አስቀምጠሽ ሜትር ትይዣለሽ።»

አዘጋጁ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ሰባት ሰዓት ላይ እንቀርጻለን፤ ፀሐዩ ግሩም ነው።»

«ሰባት ሰዓት ላይ ድሬ የለችም» አልኩት።

«የት ትሄዳለች?»

«ትተኛለች!»

ከት ብሎ ሳቀ። ቀልድ መሰለው! ከምሳ በኋላ እኛ ከተማ ሱቁ እንደሚዘጋ፣ ባለባጃጁ ጥላ ፈልጎ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ እንደሚያንኮራፋ ማን ይንገረው? ነገርኩት እኮ!

ቀፊራ ስንደርስ ላስቲክ ከለበሰ የሽንኩርት ክምር በቀር የሚያባርር ሕዝብ የለም። ከሐርላ በኪራይ የመጣው ፍየል መነጽር ሲያስሩለት ማሰሪያውን በላውና ጋሪ ሥር ገብቶ ተጋደመ። ዝላይማ ይቅር፣ ጆሮውንም አላነሣ!

አዘጋጁ ሲጨንቀው የገበያውን ዘበኛ አደምን ቀሰቀሰ። «ይቅርታ አባቴ፣ እርስዎ ገበያተኛውን ሆነው ፍየሉን ያባርሩልን?»

አደም ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። «እርስዎ» የተባለ ትልቅ ሰው የመጣ መስሎት! እኛ ጋ ሕፃኑም ሽማግሌውም «አንተ» ነው።

«እኔን ነው?»

«አዎ። ‹ሌባ! ያዙት!› እያሉ ይሩጡ።»

አደም ፍየሉን አየ። ፀሐዩን አየ። «አቦ ዋሪያ፣ ተወው! ሲመሽ ራሱ ይመጣል፤ በዚህ ሙቀት የት ይሄዳል?» አለና ከፍየሉ ጎን ጋደም አለ።

ካሜራው ይህን ሁሉ ይቀርጽ ነበር። አዘጋጁ ማታውኑ ተመላሽ ስለነበረ ሌላ ቀረጻ አልነበረም…

ያችው ቀረጻ በቴሌቪዥን የተላለፈች ቀን ሳሎናችን በጎረቤት ሞላ። ጠሪዋ ማን ሆነችና? እኔው! ያ ሁሉ የሣልኩት ግርግር፣ ያ ሁሉ አቧራ ቀርቶ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ፍየል ተኝቷል። ከዚያ አንድ ዘበኛ ተኛ። ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ። የሜትሩ ቅዝቃዜ እጄ ላይ ሁሉ ተሰማኝ።

በዚህ መሃል እምቢ ብሎ የቆየ ባጃጅ ሲነሣ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። አባ ምን ነካው ብዬ ሻሼን ገለጥ ሳደርግ… ይስቃል! አባ! ትከሻው እየተንቀጠቀጠ!

«ወላሂ እውነቱን ነው! የት ይሄዳል?» ይላል እንባውን እየጠረገ። «ድሬን እንዲህ አድርጎ ያሳየ ሰው የለም!» ጎረቤቱም አብሮት ተንከተከተ። ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ያን ሁሉ ሳምንት ስሣልለት ጥርሱን ያላሳየኝ ሰው፣ ፍየሉ ምንም ባለመሥራቱ ሳቀ!

«ቃሌ ቃል ነው» አለኝ ሲረጋጋ። «ይህን ክረምት ሱቅ እንዳላይሽ።»

በማግስቱ አዘጋጁ በሐዘን ድምፅ ደወለልኝ። «ታሪክሽን አበላሸሁብሽ፤ ይቅርታ።»

«ኧረ ምንም አይደል!» አልኩት። «የሚቀጥለውንም እንዲሁ አድርገህ አበላሽልኝ። አባ የለቀቀኝ ለዚህ ክረምት ብቻ ነው።»